ስለ ሠራተኛ መልማይ ተግባርና ስለ ሥራ ፈላጊ ጥንቃቄ፤ ከናይሮቢ ከተማ የሚገኝ ትምህርት

ሥራ ለሰው እንጀራው ብቻ ሳይሆን ክብሩም ነው። ሥራ ያለው ሰው ራሱን ችሎ ቤተ ሰቡን ይረዳል፤ ግብሩን ይከፍላል፤ ለጎረቤቱም መከታ ይሆናል። ሥራ ያጣ ሰው ግን ጕልበትና ዕውቀት እያለው የሰው እጅ ለማየት ይገደዳል። ስለዚህ ሥራ ፈላጊው ሥራ፣ ቀጣሪውም ሠራተኛ የሚያገኝበት መንገድ ቀና ወይም ጠማማ መሆኑ የሁለት ሰዎች ጕዳይ ብቻ አይደለም፤ የከተማውን ሁሉ ደኅንነት የሚነካ ነገር ነው።

በቀጣሪና በሥራ ፈላጊ መካከል የሚቆም ሦስተኛ ሰው አለ። ይህም ሰው ሠራተኛ መልማይ ይባላል። አንዳንድ ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ የሠራተኞች አስተዳደር ሹም ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ፈቃድ ያለው የሥራና ሠራተኛ አገናኝ ድርጅት ነው፤ አንዳንድ ጊዜም በሰፈር የሚታወቅ ደላላ ነው። ስሙና ማዕረጉ ይለያይ እንጂ በእጁ ያለው ሥልጣን አንድ ነው፤ ማን እንደሚገባና ማን በደጅ እንደሚቀር የሚለየው እርሱ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመልማይን ተግባርና ወሰን፣ የሥራ ፈላጊውንም ጥንቃቄ ለከተማችን ነዋሪዎችና ለአስተዳደር ባልደረቦቻችን ማስረዳት ነው። ለምሳሌ የመረጥነው የጎረቤታችንን የኬንያን ዋና ከተማ ናይሮቢን ነው። ይህንንም ያደረግነው ስለ ሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፤ ናይሮቢ ራስዋ በምልመላ የተቈረቈረች ከተማ ናት። ሁለተኛ፤ በእርስዋ ታሪክ የምልመላ ክፉ ገጽም መልካም ገጽም በጕልህ ይታያል። ሦስተኛ፤ ከአገራችን ልጆች ብዙዎች ሥራ ለመፈለግ ወይም ወደ ሌላ አገር ለመሻገር ወደዚያች ከተማ ይሄዳሉ። የተጠቀሱት ዓመታት፤ ሌላ ካልተባለ በቀር፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. ከተማዪቱ በምልመላ መቈርቈርዋ

ናይሮቢ በ1899 የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ማረፊያና የዕቃ ማከማቻ ሰፈር ሆና ተቈረቈረች። በ1905 የአስተዳደሩ መቀመጫ ከሞምባሳ ወደ እርስዋ ተዛወረ። ከሞምባሳ ተነሥቶ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚደርሰው ሐዲድ ሥራ በ1896 ሲጀመር፤ እንግሊዞች ለሥራው የሚያስፈልገውን ሰው ከዚያው አገር በበቂ ቍጥር ስላላገኙ ከሕንድ አገር 32,000 የሚያህሉ ሠራተኞችን በውል አስመጡ። ከነዚህም መካከል 2,500 የሚያህሉት በበሽታ፣ በሥራ ላይ አደጋና በአውሬ ሕይወታቸውን አጡ። የሚበዙት ውላቸውን ፈጽመው ወደ አገራቸው ሲመለሱ፤ ጥቂት ሺሕ ሰዎች ግን በዚያው ቀሩ።

ለዚህ ሥራ ሠራተኛ ካቀረቡት ሰዎች አንዱ አሊባይ ሙላ ጂቫንጂ የተባለ የካራቺ ነጋዴ ነበረ። ይህ ሰው በሠራተኛ ማቅረብና በሥራ ተቋራጭነት እጅግ ባለጸጋ ሆኖ፤ በናይሮቢ ብዙ ቤት ሠራ፤ ጋዜጣም አቋቋመ። በከተማው መካከል የሚገኘው መናፈሻ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ምልመላ ራሱን የቻለ ሙያና ገንዘብ የሚያስገኝ ንግድ መሆኑን ነው። በዚህ ነውር የለበትም። ነገር ግን ገንዘብ ያለበት ነገር ሁሉ ጥያቄ ያስከትላል። የመልማዩን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? ሠራተኛውስ የፈረመውን ውል ያውቀዋልን? የሚሉት ሁለቱ ጥያቄዎች ከዚያን ጊዜ እስከ ዛሬ አልተለወጡም።

፪. አስተዳዳሪ መልማይ ሲሆን

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኬንያ ሰፊ መሬት የያዙት ነጮች ሰፋሪዎች የሰው ጕልበት አነሰን እያሉ መንግሥታቸውን አጥብቀው ጠየቁ። በጥቅምት ወር 1919 የአገሩ ገዥ ሰር ኤድዋርድ ኖርዚ ለአውራጃ ሹማምንት አንድ የታወቀ መመሪያ አስተላለፉ። መመሪያውም ሹማምንቱና በሥራቸው ያሉት የአገሩ ባላባቶች ሕግ የሚፈቅድላቸውን ተሰሚነት ሁሉ ተጠቅመው ሕዝቡን ወደ ሰፋሪዎች እርሻ ለሥራ እንዲያወጡ የሚያሳስብ ነበረ።

በወረቀት ላይ ግዴታ የሚል ቃል አልነበረበትም። ነገር ግን ግብር የሚሰበስበው፣ ዳኝነት የሚያየውና የሚያስረው ሹም «ብትሄዱ መልካም ነው» ብሎ ሲናገር፤ ለድኻው ሰው ምክርና ትእዛዝ አንድ መሆናቸውን የማይረዳ የለም። በዚያ ጊዜ የነበሩት የሞምባሳና የኡጋንዳ ጳጳሳት ከአንድ የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን የሚሲዮን ኀላፊ ጋር ሆነው በጕዳዩ ላይ ማስታወሻ ጻፉ፤ የዛንዚባሩም ጳጳስ ፍራንክ ዌስተን በብርቱ ተቃወሙ። ነገሩ እስከ እንግሊዝ ፓርላማ ደርሶ ካከራከረ በኋላ፤ በ1921 የቅኝ አገሮች ሚኒስትር የነበሩት ዊንስተን ቸርችል የመንግሥት ሹማምንት ለግል ቀጣሪዎች ሠራተኛ በመመልመል ሥራ እንዳይገቡ አዘዙ።

የአስተዳደር ባልደረቦቻችን ከዚህ የሚያገኙት ትምህርት ግልጽ ነው። ዳኛና ደላላ፣ ግብር ሰብሳቢና ሠራተኛ አቅራቢ በአንድ ሰው ሲገናኙ ፈቃድ የሚባለው ነገር ይጠፋል። ሥራ ፈላጊው «አይሆንም» ለማለት የማይችልበት ምልመላ ምልመላ አይባልም።

፫. ኪፓንዴ፤ ሠራተኛውን ያሰረ ወረቀት

በ1915 በኬንያ የአገሬው ሰዎች የምዝገባ ሕግ ወጣ፤ ሥራ ላይ የዋለውም ከጦርነቱ በኋላ ከ1919 ጀምሮ ነበረ። በዚህ ሕግ መሠረት ዕድሜው ከ16 ዓመት በላይ የሆነ አፍሪካዊ ወንድ ሁሉ «ኪፓንዴ» የሚባል ወረቀት እንዲይዝ ተገደደ። ኪፓንዴ ማለት በስዋሂሊ ቋንቋ ቍራጭ ማለት ነው። በወረቀቱ ላይ የሰውዬው ስም፣ ነገዱ፣ የጣቱ አሻራና ያገለገለባቸው ቀጣሪዎች ታሪክ ይጻፍበት ነበር። ብዙዎቹም በትንሽ የብረት ዕቃ ከተው በአንገታቸው ያንጠለጥሉት ነበር።

የወረቀቱ ክፋት በውስጡ ከተጻፈው ይልቅ በፈራሚው ላይ ነበረ። ሠራተኛው ሥራውን ለመተው ቢፈልግ ቀጣሪው «አሰናብቼዋለሁ» ብሎ በኪፓንዴው ላይ መፈረም ነበረበት። ፊርማው ከሌለ ሌላ ሥራ ለማግኘት አይችልም፤ ጥሎ ቢሄድም እንደ ወንጀለኛ ተፈልጎ ይያዛል። በዚህ ዓይነት የሠራተኛው የሥራ ታሪክ የራሱ ሀብት መሆኑ ቀርቶ ቀጣሪው የሚይዘው ልጓም ሆነ።

በናይሮቢ የመንግሥት ግምጃ ቤት የስልክ ሠራተኛ የነበረው ሃሪ ቱኩ በ1921 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበርን ከባልደረቦቹ ጋር አቋቁሞ ኪፓንዴን፣ የግብርን ክብደትና የደመወዝን መቀነስ ተቃወመ። በመጋቢት ወር 1922 በታሰረ ጊዜ ሕዝቡ ይፈታልን ብሎ በናይሮቢ ፖሊስ ጣቢያ ፊት ተሰበሰበ። ፖሊሶችም ተኵሰው ከ20 ያላነሱ ሰዎች ሞቱ፤ ከሞቱትም መካከል ሜሪ ሙቶኒ ኛንጂሩ የተባለችው ሴት እስከ ዛሬ በድፍረትዋ ትታወሳለች። ቱኩም ለብዙ ዓመታት በግዞት ኖረ። ሁሉንም ሰው በአንድነት የሚመለከት ሌላ የምዝገባ ሕግ የወጣው በ1947 ነው። አንድ ወረቀት ለዚህን ያህል ጊዜ ሕዝብን ያስቈጣው፤ እንጀራ የሚገኝበትን በር ከፍቶ የሚዘጋው ቍልፍ በአንድ ወገን እጅ ብቻ ስለ ነበረ ነው።

፬. ወረቀቱ ለሠራተኛው ሲመሰክር

ዛሬ በኬንያ የሚሠራበት የ2007 የሥራ ቅጥር ሕግ ይህን ታሪክ ገልብጦታል ለማለት ይቻላል። ከአራት ሳምንት ያላነሰ ያገለገለ ሠራተኛ ሲሰናበት ቀጣሪው የአገልግሎት የምስክር ወረቀት ሊሰጠው ይገባል። በወረቀቱም ላይ የቀጣሪውና የሠራተኛው ስም፣ የሥራው ዓይነትና ቦታ፣ ሥራ የጀመረበትና ያቆመበት ቀን ይጻፋል። ቀጣሪው ስለ ጠባዩ እንዲመሰክር ግን አይገደድም። ወረቀቱ የሠራተኛው ነው፤ ይዞት ወደ ፈለገበት ይሄዳል።

በዚሁ ሕግ ሦስት ወር ወይም ከዚያ በላይ የሚቈይ የሥራ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ውሉንም የማዘጋጀት ኀላፊነት የቀጣሪው ነው። ሠራተኛው ማንበብ የማይችል ወይም ውሉ የተጻፈበትን ቋንቋ የማያውቅ ቢሆን፤ ቀጣሪው በሚገባው ቋንቋ ሊያስረዳው ይገደዳል። ክርክር ተነሥቶ ቀጣሪው የጽሑፍ ውል ለማቅረብ ካልቻለ የማስረዳቱ ሸክም በእርሱ ላይ ይወድቃል። የሙከራ ጊዜ ከስድስት ወር አይበልጥም፤ በሠራተኛው ስምምነት ቢራዘምም በጠቅላላው ከአንድ ዓመት አያልፍም። በቀን ሙያተኛነት ተቀጥሮ ያለማቋረጥ አንድ ወር ያህል የሠራም ሰው እንደ ወር ደመወዝተኛ እንዲቈጠር ሕጉ ይደግፈዋል።

በአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ዓ. ም. ተመሳሳይ መብት ይሰጣል። የሥራ ውል ሲቋረጥ ሠራተኛው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ያገኝ የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ ይሰጠዋል። የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀኖች አይበልጥም። ብዙ ሰው ይህን መብቱን ሳያውቅ ከአሠሪው ተጣልቶ ባዶ እጁን ይወጣል፤ ሌላ ሥራ ሲጠይቅም ያለፉት ዓመታቱ እንዳልነበሩ ይሆናሉ። ከሥራ የሚለይ ሰው ከሒሳቡ ጋር ማስረጃውን ጭምር ሳይቀበል ከግቢው እንዳይወጣ አጥብቀን እንመክራለን።

፭. የቀና መልማይ ተግባር

የኬንያ ሕገ መንግሥት በ2010 ሲጸድቅ፤ በአንቀጽ 232 የመንግሥት ሠራተኛ ሹመትና ዕድገት በትክክለኛ ውድድርና በችሎታ እንዲሆን፤ የልዩ ልዩ ነገዶች፣ የሴቶችና የአካል ጉዳተኞች ዕድልም እንዲጠበቅ ደነገገ። የ2007 የሥራ ሕግም ቀጣሪዎች ሰውን በዘሩ፣ በጾታው፣ በቋንቋው፣ በሃይማኖቱ፣ በእርግዝናና በመሳሰለው ምክንያት እንዳያገልሉ ይከለክላል። ይህ ድንጋጌ በቢሮ ውስጥ በተግባር የሚተረጐመው እንደሚከተለው ነው።

መጀመሪያ፤ መልማይ ሰው ከመፈለጉ በፊት ሥራውን ያውቃል። ሥራው ምን እንደሆነ፣ ለማን እንደሚታዘዝ፣ ምን ዓይነት ትምህርትና ልምድ እንደሚጠይቅና ደመወዙ ስንት እንደሆነ ይጽፋል። ለዘበኛ ሥራ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የሚጠይቅ ማስታወቂያ ሥራውን ያላወቀ ሰው የጻፈው ነው።

ሁለተኛ፤ ማስታወቂያውን ሁሉም ሰው ሊያየው በሚችልበት ቦታ ያወጣል፤ የማመልከቻውንም መጨረሻ ቀን ይወስናል። በጓሮ የሚነገር ማስታወቂያ ለዘመድ የተላከ ደብዳቤ ነው።

ሦስተኛ፤ የማመልከቻ ፖስታዎች ከመከፈታቸው በፊት የመምረጫውን መለኪያ በጽሑፍ ያኖራል። መለኪያው ስሞች ከታዩ በኋላ የሚወጣ እንደሆነ «የወንዜ ልጅ» የሚለው ሐሳብ ሳይታወቅ ይገባበታል።

አራተኛ፤ በቃለ መጠይቅ ጊዜ ለአመልካቾች ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ያቀርባል። ሁለት ወይም ሦስት ፈታኞች ይቀመጡና እያንዳንዳቸው እርስ በርሳቸው ከመነጋገራቸው በፊት ነጥባቸውን ይጽፋሉ። እንዲህ ከሆነ የአንዱ ፈታኝ ፍቅር ወይም ጥላቻ የሌላውን ፍርድ አያጣምምም።

አምስተኛ፤ የተመረጠውን ሰው ማስረጃ ከሰጠው ትምህርት ቤትና ከቀድሞ ቀጣሪው ያረጋግጣል። ይህ ጥንቃቄ ከንቱ አይደለም። የኬንያ የመንግሥት አገልግሎት ኮሚሽን ባደረገው ምርመራ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከ2,000 በላይ የሐሰት የትምህርት ማስረጃዎች መገኘታቸውን በ1924 ሳይሆን በዘመናችን፤ በ2024፤ አስታውቋል። በሐሰት ወረቀት የገባ እያንዳንዱ ሰው በእውነተኛ ወረቀት የመጣውን አንድ ሰው አስቀርቷል ማለት ነው።

ስድስተኛ፤ ውጤቱን ለተመረጠውም ላልተመረጠውም ያስታውቃል። በተስፋ ሲጠብቅ ወር የሚቈይን ሰው በአንድ መስመር ደብዳቤ ማሳረፍ ትልቅ ወጪ አይጠይቅም።

ስለ ወረቀት ብዛትም አንድ ነገር እንጨምራለን። በኬንያ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ከፖሊስ ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃ፣ ከግብር መሥሪያ ቤት፣ ከከፍተኛ ትምህርት ብድር ቦርድ፣ ከፀረ ሙስና ኮሚሽንና ከብድር መረጃ ድርጅት ማረጋገጫ እንዲያመጣ ይጠየቅ ስለ ነበር፤ ደመወዝ ሳያገኝ ገንዘቡን ይጨርስ ነበር። በ2022 የወጣው የሕግ ማሻሻያ ቀጣሪው ለመቅጠር አስቦ ውል ለመዋዋል ካልተዘጋጀ በቀር እነዚህን ማረጋገጫዎች እንዳይጠይቅ ከለከለ። በአገራችንም ማስታወቂያ የሚያወጡ መሥሪያ ቤቶች «ይህ ወረቀት ከሁሉም አመልካች ይፈለጋልን? ወይስ ከተመረጠው ብቻ?» ብለው ራሳቸውን ቢጠይቁ ብዙ ድኻ ይድናል።

፮. ለሥራ ፈላጊዎች የሚሰጥ ምክር

ሀ. ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ ማንበብ። ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው አመልካቹ ችሎታ አጥቶ ሳይሆን የተጠየቀውን ሳያሟላ በመቅረቱ ነው። የሥራውን መጠሪያ፣ የሚፈለገውን ማስረጃና የመጨረሻውን ቀን በማስታወሻ መያዝ ያስፈልጋል።

ለ. አጭር የማመልከቻ ደብዳቤ መጻፍ። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይበልጥ። «ታታሪ፣ ታማኝና ጠንካራ ሠራተኛ ነኝ» የሚል ቃል ሁሉም ሰው ይጽፈዋልና ለመልማዩ ምንም አይነግረውም። በዚህ ፈንታ «በአንድ መጋዘን ውስጥ ለ3 ዓመት የገቢና የወጪ ዕቃ መዝገብ ይዤ፤ በየወሩ መጨረሻ ቈጠራ አድርጌ ሳይጐድል አስረክቤአለሁ» ብሎ መጻፍ ታታሪነትንም ታማኝነትንም ያስረዳል። ራስን ማመስገን ሌላ ነው፤ የሠሩትን መናገር ሌላ ነው።

ሐ. የትምህርትና የሥራ ታሪክ መግለጫ፤ በተለምዶ ሲቪ የሚባለውን፤ በእውነት ማዘጋጀት። የቅርቡን ሥራ አስቀድሞ፤ የቆየውን አስከትሎ፤ የገባበትንና የወጣበትን ዓመት መጻፍ ይገባል። በመካከሉ ሥራ ያልነበረበት ጊዜ ቢኖር መደበቅ አያስፈልግም፤ በዚያ ጊዜ ሕመምተኛ ማስታመምም ሆነ ቤተ ሰብን መርዳት የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

መ. የእጅ ሙያ ያላቸው ሰዎች ሥራቸውን ማስመስከር። በናይሮቢ ከቋሚ መሥሪያ ቤት ውጭ በብረት ቅጥቀጣ፣ በእንጨት ሥራ፣ በልብስ ስፌትና በመካኒክነት የሚኖረው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው። ይህም ሥራ «ጁዋ ካሊ» ይባላል፤ ኀይለኛ ፀሐይ ማለት ነው፤ ሠራተኞቹ ጣራ በሌለው ቦታ ስለሚሠሩ የተሰጠ ስም ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት የላከው ቡድን በ1972 ስለ ኬንያ ባወጣው ጥናት ይህ መስክ ትርፋማና ብዙ ሰው የሚያኖር መሆኑን ለዓለም አስታውቋል። እንዲህ ያለ ሙያ ያለው ሰው የሠራውን ዕቃ ፎቶግራፍ አንሥቶ መያዝ፣ ያሠሩትን ሰዎች ስም በፈቃዳቸው መመዝገብ፣ በአገራችንም የሙያ ብቃት ምዘና ተፈትኖ የብቃት ማረጋገጫ ማውጣት ይገባዋል። ሥራ ለሠሪው፤ እሾህ ላጣሪው እንደሚባለው፤ የሠራ እጅ ምስክር ካለው አይናቅም።

ሠ. ዋቢ የሚሆነውን ሰው አስቀድሞ ማስፈቀድ። ስሙ መጠራቱን የማያውቅ ሰው በድንገት ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ቀዝቃዛ ይሆናል። አስቀድሞ የተነገረው ግን አስቦ ይመሰክራል።

ረ. ለቃለ መጠይቅ መዘጋጀት። ስለ መሥሪያ ቤቱ አስቀድሞ መጠየቅ፣ ከሰዓቱ ቀደም ብሎ መድረስ፣ ንጹሕ ልብስ መልበስ፣ ጥያቄውን እስከ መጨረሻ ሰምቶ መመለስ ተገቢ ነው። የማያውቁትን «አላውቀውም፤ ነገር ግን ለመማር ዝግጁ ነኝ» ማለት ከመቀባጠር ይሻላል። በመጨረሻም አመልካቹ በትሕትና የሚጠይቀው ነገር ይኑረው፤ ተጠሪነቴ ለማን ነው? የሙከራው ጊዜ ስንት ነው? ደመወዝ የሚከፈለው መቼ ነው? እንዲህ ብሎ መጠየቅ ድፍረት ሳይሆን የሥራ ሰው ምልክት ነው።

ሰ. ለሥራ ገንዘብ አለመክፈል። ከምክሮቹ ሁሉ ይህን አስበልጠን እናሳስባለን። በ1997 የወጣው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቍጥር 181 አገናኝ ድርጅቶች ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዳይቀበሉ በመርሕ ደረጃ ይከለክላል፤ አገራችንም ስምምነቱን በ1999 ተቀብላለች። የመልማዩን ዋጋ የሚከፍለው ሠራተኛ የፈለገው ቀጣሪ ነው። ስለዚህ «የመመዝገቢያ»፣ «የፎርም»፣ «የማፋጠኛ» እያለ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ፤ ቢሮው የማይታወቅ፤ ቃለ መጠይቅ ሳያደርግ ትልቅ ደመወዝ ተስፋ የሚሰጥ፤ «ዛሬውኑ ካልከፈልክ ቦታው ይወሰዳል» እያለ የሚያስቸኵል ሰው ሥራ የሚሰጥ ሳይሆን ሥራው ማታለል የሆነ ሰው ነው። በኬንያ የግል አገናኝ ድርጅቶች በብሔራዊ የሥራ ቅጥር ባለሥልጣን ዘንድ መመዝገብ አለባቸው፤ ስለዚህ ከመዋዋል በፊት በመዝገቡ ላይ ስማቸውን መፈለግ ይቻላል።

፯. ከአገራችን ወደ ናይሮቢ ለሚሄዱ

በናይሮቢ፤ በተለይም ኢስሊ በሚባለው ሰፈር፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ወደዚያ ለመሄድ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ወደ ኬንያ ለመግባት መቻልና በኬንያ ለመሥራት መቻል ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። በ2011 በወጣው የኬንያ የዜግነትና የኢሚግሬሽን ሕግ የውጭ አገር ሰው ያለ ሥራ ፈቃድ ሊቀጠር አይችልም። በተወሰነ ቀጣሪ ዘንድ ለሚሠራ ሰው የሚሰጠው ፈቃድ «ክፍል ዲ» ይባላል፤ ለታወቁ ስደተኞች የሚሰጠው «ክፍል ኤም» ነው። «ግባና ፈቃዱ በኋላ ይደርሳል» የሚል መልማይ አደጋውን ሁሉ በሠራተኛው ራስ ላይ የሚጥል ነው፤ ያለ ፈቃድ የሚሠራ ሰው ደመወዙ ቢከለከል እንኳ እንዳይያዝ እየፈራ ለመክሰስ አይደፍርምና።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ናይሮቢን መሸጋገሪያ አድርጎ ወጣቶችን ወደ ደቡብ አፍሪካ እናደርሳለን የሚለው ሕገ ወጥ ደላላ ነው። በሞያሌ በኩል በሌሊት የተሻገሩ ልጆች በጠባብ ቤት ታጭቀው ሲገኙና ሲታሰሩ፤ ወላጆቻቸውም ተጨማሪ ገንዘብ እንዲልኩ ሲገደዱ በተደጋጋሚ ታይቷል። የተሸጠው በሬና የተያዘው መሬት አይመለስም። እንዲህ ያለ ደላላ ሁልጊዜ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ገንዘብና ፓስፖርት። ፓስፖርት ግን ባለቤቱ የሚይዘው ሰነድ ነው፤ ወረቀትህን የያዘ ሰው አንተን ይዞሃል። ከላይ የነገርነው የኪፓንዴ ታሪክ ስሙን ለውጦ የሚመለሰው በዚህ ዓይነት ነው።

በሕጋዊ መንገድ ወደ ውጭ አገር ለሥራ ለሚሄዱ ዜጎች አዋጅ ቍጥር 923/2008 ዓ. ም. የቪዛን፣ የጕዞንና የሥራ ፈቃድን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው መሆኑን ደንግጓል። ስለዚህ በነዚህ ስም ገንዘብ ሲጠየቅ በአቅራቢያው ለሚገኘው የሥራ ጕዳይ መሥሪያ ቤት ማመልከት ይገባል።

፰. ለአስተዳደር ባልደረቦች

ከእኛ ከመንግሥት ሠራተኞች የሚፈለገው ብዙ አይደለም። የሥራ ማስታወቂያ በመሥሪያ ቤታችን ሰሌዳ ላይ በጊዜው ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችሉትም ይነበብላቸው። መታወቂያና ማስረጃ ለመውሰድ የመጣ ሥራ ፈላጊ በቀጠሮ ብዛት የማመልከቻው ቀን እንዳያልፍበት ይሁን። ስለ ደላላ በደል አቤቱታ የሚያቀርብ ሰው «ማን ክፈል አለህ?» ተብሎ ሳይሰደብ ቃሉ ይመዝገብለት። ከሁሉም በላይ በ1919 በኬንያ የታየው ስሕተት እንዳይደገም፤ አስተዳዳሪ የሆነ ሰው ለማንም ቀጣሪ ሠራተኛ አቅራቢ ሆኖ አይገኝ። የአስተዳዳሪ ተግባር በሩ ለሁሉም እኩል መከፈቱን መጠበቅ ነው።

እንግዲህ የነገሩ ፍሬ ይህ ነው። መልማይ ሐቀኛ መሆኑ የሚታወቀው ዋጋውን ከቀጣሪው ተቀብሎ ለሥራ ፈላጊው እውነቱን ሲነግረው ነው። ሥራ ፈላጊም የሚከበረው በልመናና በጉቦ ሳይሆን የሠራውን በማስረጃ ሲያሳይ ነው። በናይሮቢ በአንገት ላይ ይንጠለጠል የነበረው ወረቀት ወርዶ በሠራተኛው እጅ የሚያዝ የምስክር ወረቀት ለመሆን ብዙ ዓመትና የብዙ ሰው ሕይወት ፈጅቷል። እኛም የምንፈርመውን ውል አንብበን፣ የሚገባንን ማስረጃ ጠይቀን፣ ልጆቻችንንም ይህን አስተምረን ብንገኝ፤ ሌሎች በብዙ ድካም የተማሩትን እኛ በጥቂት ድካም እናገኘዋለን።